በሩ በተዘጋ ጊዜ ማን ደወለ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህች መጽሔታችን ገጾች ላይ ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ቅዱሳን ገድል ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ መጠጥ ቤት ልጽፍ ነው። «ይህ ልጅ ምን ነካው? በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ የመሸታ ቤት ወሬ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ ብቻ እለምናለሁ። የምጽፈው ለጨዋታ አይደለም፤ የኅሊና ዕዳ ስላለብኝ ነው።

በመጀመሪያ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታችን የነገረውን ምሳሌ እናስታውስ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች የተደበደበውን ሰው ካህኑ አይቶት አለፈ፤ ሌዋዊውም አይቶት አለፈ። ያዘነለት ሳምራዊው ነው። ቁስሉን በዘይትና በወይን አጠበለት፤ በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ለማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ አደራ አለው። ይህን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምረን እናውቀዋለን። ስለ ካህኑ፣ ስለ ሌዋዊውና ስለ ሳምራዊው ብዙ ስብከት ሰምተናል። ስለዚያ ስለ ማደሪያው ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ አናስብም። አደራውን ተቀብሎ ቁስለኛውን ሌሊት ሲያገላብጥ ያደረው እርሱ ነበር። አባቶቻችን ይህን ማደሪያ በቤተ ክርስቲያን ይመስሉታል። እንግዲህ ማደሪያው እኛ ነን ማለት ነው። አደራውን እንዴት እንደ ጠበቅን ለመመርመር ነው ወደ መጠጥ ቤቱ ዞር የምለው።

ሁላችን በምንኖርበት በእንግሊዝ አገር «ፐብ» የሚባለውን ቤት የማያውቅ የለም። ስሙ የመጣው «የሕዝብ ቤት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ አጥሮ ነው። በየመንደሩና በየጎዳናው ጥግ አለ። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለመጠጡ ብቻ አይደለም። ከሥራ ሲወጣ ባልደረቦቹን ያገኝበታል፤ ኳስ ያይበታል፤ ሽማግሌው ብቸኝነቱን ይረሳበታል። አንድ የቆየ ልማድም አላቸው፤ ይኸውም ዙር ነው። አምስት ሆነው ከገቡ አንዱ ለአምስቱም ይገዛል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው እያለ ይዞራል። ይህ ልማድ ፍቅርም ወጥመድም ነው። ፍቅር የሚሆነው ማንም ለብቻው ስለማይጠጣ ነው፤ ወጥመድ የሚሆነው ደግሞ አንድ ብቻ ጠጥቶ ሊሄድ ያሰበ ሰው «ተራዬን ሳላደርስ እንዴት እነሣለሁ?» እያለ አምስት ስለሚጠጣ ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2020 ዓርብ ማታ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን እነዚህ ቤቶች ሁሉ በዚያው ሌሊት እንዲዘጉ አዘዙ። ትእዛዙን ሲሰጡ ወደ ፐብ መሄድን የሕዝቡ ጥንታዊ መብት አድርገው ጠርተው፣ ይህን መንሣት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ተናግረዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አብያተ ክርስቲያናትም ተዘጉ። ያን ዓመት ትንሣኤን ኤፕሪል 19 ቀን ያከበርነው በየቤታችን፣ ቅዳሴውን በስልክ መስተዋት እያየን፣ ጧፋችንን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አብርተን እንደ ነበር የምትረሱት አይመስለኝም።

ታዲያ ጠጪዎቹ ምን አደረጉ? ይህን ስመለከት ሦስት ነገር አገኘሁ።

(ሀ) አንደኛ፣ ቤቱ ቢዘጋም ጉባኤያቸውን አልተዉም። ዓርብ ማታ በለመዱት ሰዓት እያንዳንዱ በቤቱ መጠጡን ቀድቶ በኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠና በዙም እየተያየ ብርጭቆውን አነሣ። በፐብ የለመዱትን የጥያቄና መልስ ውድድር በኢንተርኔት አደረጉት። በሰፈሩ ፐብ ውድድር ይመራ የነበረ አንድ ሰው ለጥቂት ወዳጆች ያሰበው ጨዋታ ኤፕሪል 30 ቀን 2020 ከ180,000 በላይ ተመልካች አግኝቶ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ገብቷል። አንዳንዶቹ የፐብ ባለቤቶችም ቤታቸውን ዱቄትና እንቁላል መሸጫ አደረጉት፤ ምግብ አብስለው ለአረጋውያን በየበራቸው አደረሱ። ልብ በሉ፤ የሚፈልጉት መጠጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገም ነበር። መጠጡ በየሱቁ ሞልቷል። ያጡት ሰው ነበር።

(ለ) ሁለተኛ፣ መጠጡ ከሕዝብ ቤት ወደ ግል ቤት ገባ። በፐብ ውስጥ መጠጥ መለኪያ አለው፤ የቢራው ብርጭቆ 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ሒሳብ ይከፈላል። የመዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ደወል ይደወላል። ሰው ሲሰክር አስተናጋጁ «ይበቃሃል» ሊለው ይችላል፤ የሰከረን ሰው ማስተናገድ ሕጉም ይከለክላል። በቤት ውስጥ ግን ለካ የለ፤ ደወል የለ፤ «ይበቃሃል» የሚል የለ። የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት በኋላ እንደ ገለጸው፣ በእንግሊዝ በሱቅ የተሸጠው የአልኮል መጠጥ በ2020 ከቀድሞው ዓመት በአንድ አራተኛ ገደማ ጨመረ። ፐቦቹ ተዘግተው ስለ ነበር ጠቅላላው መጠን ብዙም አልጨመረም። የተለወጠው የሚጠጣበት ቦታና የሚጠጣው ሰው ነው። ቀድሞ ጥቂት ይጠጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ቀነሱ ወይም ተዉ፤ ቀድሞ አብዝተው ይጠጡ የነበሩት ግን የባሰ አበዙ።

ፍሬው ምን ሆነ? በዩናይትድ ኪንግደም በቀጥታ በአልኮል ምክንያት የሞቱት ሰዎች በ2019 ዓመት 7,565 ነበሩ። በ2020 ዓመት 8,974 ሆኑ። በ2021 ዓመት 9,641፣ በ2022 ዓመት 10,048፣ በ2023 ዓመት 10,473 ደረሱ። አብዛኞቹን የገደላቸው የጉበት በሽታ ነው። እነሆ፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ እንኳ ቁጥሩ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። የተዘጋው በር ተከፈተ፤ በተዘጋበት ጊዜ የተለመደው ልማድ ግን አብሮ አልወጣም።

(ሐ) ሦስተኛ፣ ቤቶቹ በከፊል ሲከፈቱ ጠጪዎቹ ለሕጉ ሁሉ ተገዙ። ጁላይ 4 ቀን 2020 በእንግሊዝ ፐቦች ሲከፈቱ በባንኮኒው ላይ ተደግፎ መጠጣት ቀረ፤ ሁሉም በየጠረጴዛው ተቀመጠ፤ በር ላይ ስሙንና ስልኩን ጻፈ። ከሴፕቴምበር 14 ጀምሮ ከስድስት ሰው በላይ አብሮ መቀመጥ ተከለከለ፤ ከሴፕቴምበር 24 ጀምሮ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቤቱ ይዘጋ ነበር። በክረምቱ እንደ ገና ተዘጋ። ኤፕሪል 12 ቀን 2021 በደጅ ብቻ መጠጣት ሲፈቀድ፣ በዚያው ዕለት ጠዋት በለንደን ዙሪያ በረዶ ጥሎ ነበር። ሰዎቹ ግን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው በአትክልት ቦታው ተቀመጡ። በውስጥ መቀመጥ የተፈቀደው ሜይ 17፣ ገደቡ ሁሉ የተነሣው ጁላይ 19 ቀን 2021 ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እስኪ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ያው ጁላይ 4 ቀን 2020 በእንግሊዝ አገር የአብያተ ክርስቲያናት የጋራ ጸሎት የተፈቀደበትም ቀን ነበር። የመጠጥ ቤቱና የጸሎት ቤቱ በር በአንድ ቀን ተከፈተ። በዚያ ቀን የቱ በር ተጨናነቀ? ጋዜጦቹ ፎቶግራፍ ያነሡት የፐቡን ሰልፍ ነው። እኛ ደግሞ ለወራት «ወይኔ ቤተ ክርስቲያኔ!» ስንል ከርመን፣ ሲከፈት «ጭምብል ማድረግ ያፍነኛል»፣ «ዝናብ ነው»፣ «በስልክ ብከታተለው ይሻለኛል» ያልን ጥቂቶች አይደለንም። እነዚያ ለአንድ ብርጭቆ ቢራ በበረዶ ተቀመጡ። እኛ ለሥጋ ወደሙ በሙቀት መቆም አቃተን። ጌታችን የዚህ ዓለም ልጆች ከብርሃን ልጆች ይልቅ በራሳቸው ነገር ብልኆች እንደ ሆኑ በሉቃስ ምዕራፍ 16 የተናገረው ለእንዲህ ያለው ነው።

ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። በዲሴምበር 2020 በለንደንና በሌሎችም ከተሞች መጠጥ የሚሸጠው ከበቂ ምግብ ጋር ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። ወዲያው አገሩ ሁሉ «በቂ ምግብ ማለት ምን ማለት ነው?» እያለ ይከራከር ጀመር። የተቀቀለ እንቁላል በተፈጨ ሥጋ ተሸፍኖ የሚጠበስ «ስኮች ኤግ» የሚባል ምግብ አላቸው። አንድ ሚኒስትር ይህ እንቁላል እንደ በቂ ምግብ ሊቈጠር እንደሚችል ተናገሩ፤ ሌላው ሚኒስትር መጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ በኋላ ግን ተቀበሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው አንዲት እንቁላል ፊቱ አስቀምጦ ጠጣ። ያን ጊዜ እኛ በጾመ ነቢያት ላይ ስለ ነበርን በነገሩ ስቀንባቸዋል። ግን እኛስ? «በጾም ወይን ተከልክሏል እንጂ ቢራ አልተጻፈም»፣ «ዓሣ ይበላል አይበላም»፣ «ከስንት ሰዓት በኋላ ነው የሚፈታው?» እያልን የሕጉን ቀዳዳ ስንፈልግ እንቁላል ፊታችን አስቀምጠን የምንጠጣ አይደለንምን? የወረርሽኙ ሕግ የተሰጠው የሰው ነፍስ እንዲተርፍ ነበር፤ ጾምም የተሰጠን ነፍሳችን እንድትተርፍ ነው። ዓላማውን ትቶ ፊደሉን ብቻ የሚጠብቅ ሰው የሚያታልለው ሕግ አውጪውን አይደለም፤ ራሱን ነው።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

የአክስቴ ልጅ ነው፤ ስሙን አልጠራም። በዕድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። የዚሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባል ነበር፤ ከበሮ ሲመታ ያየው ሁሉ ይወድለት ነበር። ሥራው በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ከባልደረቦቹ ጋር በሰፈሩ ወዳለው ፐብ ይገባል፤ ሁለት ብርጭቆ ይጠጣል፤ ዳርት የሚሉትን ትንሽ ቀስት የመወርወር ጨዋታ ይጫወታል፤ ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው ለእኛ ነገረን። እኛም በጓዳ «ከበሮ መቺው መሸታ ቤት ይውላል» እያልን አማነው። ፊት ለፊት ግን አንዳችንም ጠርተን አላነጋገርነውም። ቀስ በቀስ ከመዝሙር ጥናት ቀረ። እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ሲሆን የስም መጥሪያውን መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርሁ። በየሳምንቱ በስሙ አንጻር የቀሪ ምልክት አደረግሁ። ስልኩ ከስሙ አጠገብ ተጽፎ ነበር።

ወረርሽኙ ሲመጣ ሆቴሉም ፐቡም በአንድ ሳምንት ተዘጉ። መንግሥት ሥራ ለቆመባቸው ሰዎች ከደመወዛቸው እስከ 80 በመቶ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ ድረስ እንዲከፈላቸው ስላደረገ ገንዘብ አላጣም። ጊዜም ሞልቶታል። ያጣው ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባልደረቦቹ ጋር በዙም ተገናኘ፤ በኋላ ያም ተሰለቸና ቀረ። ዳቦና ወተት ሊገዛ በወጣ ቁጥር አብሮ ጠርሙስ መግዛት ጀመረ። በፐብ ቢራ የነበረው በቤት ውስጥ አረቄ ሆነ። ቀድሞ ዓርብ የነበረው በየዕለቱ ሆነ። ቀድሞ ማታ የነበረው ቀን ሆነ። ይህን ሁሉ በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ያን ጊዜ እኔ የማውቀው በመዝገቡ ላይ የቀሪ ምልክት እንዳለበት ብቻ ነው።

የፐቡ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት ሴት ናቸው። ለዳርት ተጫዋቾቻቸው ሁሉ በየሳምንቱ ረቡዕ ይደውሉ ነበር። በ2021 ዓመት መጀመሪያ፣ ሁሉም ነገር እንደ ገና በተዘጋበት ክረምት፣ አንድ ረቡዕ ሲደውሉ ቃሉ ተይዞባቸው። በማግሥቱ በእግራቸው ወደ ቤቱ ሄደው አንኳኩ። በሩን ሲከፍት ሁለት ሜትር ርቀው ቆመው ሲያዩት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ያመጡትን ሾርባ ከደጃፉ አስቀምጠው በዚያው በብርድ ቆመው አምቡላንስ ጠሩ፤ እስኪመጣም ድረስ አልሄዱም። ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኛ። ጉበቱ ተጎድቷል፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ለንስሐ ጊዜ ሰጠው፤ ተረፈ።

በዚያው ዓመት በበጋ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር ውጭ ቆሞ አየሁት። ከስቷል። ሮጬ ሄጄ «ጋሼ፣ የት ጠፋህ? ምነው እኛን ረሳኸን?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና «አንተ ልጅ፣ እኔ አልጠፋሁም፤ ቤቴ ነበርሁ» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ደግሞ «አሥራ አምስት ወር በሬ የተንኳኳው አንድ ጊዜ ነው፤ ያንኳኳችውም ቢራ የምትሸጥልኝ ሴት ናት» አለኝ። የተናገረው በቁጣ አልነበረም፤ ቢቈጣ ይሻለኝ ነበር።

እኔም ንጹሕ አልነበርሁም። በዚያው በ2020 ሴፕቴምበር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከማላውቃቸው አምስት ተማሪዎች ጋር በአንድ ማደሪያ ተዘግቼብኝ ነበር። ትምህርቱ በኮምፒዩተር ነው፤ ውጭ መውጣት የለም። ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ጠርሙስ ይከፈታል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የተቀበልሁት ጠጪ ለመሆን አልነበረም፤ ከመካከላቸው እንዳልወጣ ብዬ ነው። ክርስቲያን መሆኔን አልተናገርሁም። ረቡዕና ዓርብም አልለየሁም። የፐብ ደወል በሌለበት ቤት ስንት ሌሊት እንደ ነጋብን አላውቀውም። እኔን ያተረፈኝ ብርታቴ አይደለም። እናቴ በየማታው ትደውልልኝ ስለ ነበር፣ ድምፄን ትለየዋለች ብዬ ፈርቼ ተውሁት። ልዩነታችን ይህ ብቻ ነው፤ ለእኔ የሚደውል ነበረኝ፤ ለጋሼ አልነበረውም።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን?

መጀመሪያ ሐሳቤ እንዳይጣመም እፈልጋለሁ። «መጠጥ ቤት ከቤተ ክርስቲያን ይሻላል» አላልሁም። ያች ሴት ሕይወታቸውን የሚመሩት መጠጥ በመሸጥ ነው፤ የዙሩንም ወጥመድ ከላይ ተናግሬአለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 5 ከስካር ርቀን በመንፈስ እንድንሞላ አዝዞናል። ኖኅ ከጥፋት ውኃ ተርፎ በወይን እንደ ተሸነፈ በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ያ ታላቅ መቅሠፍት ያልነካውን ጻድቅ፣ መቅሠፍቱ ካለፈ በኋላ በድንኳኑ ውስጥ ለብቻው የጠጣው ወይን እንዳዋረደው አስተውሉ። የእኛም ዘመን ቁጥሮች የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ወረርሽኙን ያመለጡ ብዙዎች በድንኳናቸው ውስጥ ወደቁ። የማደንቀው የሴትዮዋን ሥራ ሳይሆን ባልንጀርነታቸውን ነው። ጌታችንም ያመሰገነው የሳምራዊውን ሃይማኖት ሳይሆን ምሕረቱን ነበር። ምስጋናውም ካህኑንና ሌዋዊውን ሊያሳፍር ነው።

ሁለተኛ፣ አባቶቻችን ስለ ጽዋ የሚያውቁትን ረስተናል። በአገራችን የጽዋ ማኅበር አለ። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በሚዘክሩት ቅዱስ ዕለት ተራ ደርሶት ባዘጋጀው ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ዳቦው ይቈረሳል፤ ጠላው ይቀዳል። ሙሴ የሚባል የማኅበሩ ኃላፊ አለ። ለነዳያን ይሰጣል። የቀረ ሰው ቢኖር «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሞ ከሆነ ይጐበኛል፤ ኀዘን ከሆነ አብረውት ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ጽዋው ለተረኛው ይሰጣል። እንግሊዞቹ በዙራቸው የሚፈልጉትን ነገር የእኛ አባቶች በቅዱሳን ስም አጥረው፣ በጸሎት ለክተው ሠርተውት ነበር። የጽዋ ማኅበር ዋና ምሥጢሩ ጠላው አይደለም፤ የቀረውን መጠየቁ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ቅዱስ ጳውሎስ የገሠጻቸው ክርስቲያኖች በአንድ ቤት ተሰብስበው አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር የነበሩት ናቸው። ጥፋታቸው አንዱ ሌላውን አለመጠበቁ ነበር።

ሦስተኛ፣ መዝገባችን ምንድን ነው? በጁላይ 2020 የፐብ ባለቤቶች ስምና ስልክ የጻፉት በሽታ ቢገኝ ሰዎቹን ፈልገው ለማስጠንቀቅ ነው። የእኛ መዝገብ ግን የቀረውን ለመክሰስ ሆኖ ቆይቷል። መልካሙ እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ሊፈልግ የሄደው እኮ በጎቹን ስለ ቈጠረ ነው። ቈጥሮ አንድ ጎደለ ብሎ ምልክት አድርጎ አልተቀመጠም፤ ተነሥቶ ሄደ። እኔ ቈጠርሁ፤ ግን አልተነሣሁም።

ስለዚህ ለሁላችን፣ ከሁሉ በፊት ለራሴ፣ ይህን አሳስባለሁ።

1ኛ/ ሁለት እሑድ ተከታትሎ ለቀረ አባል ስልክ ይደወልለት፤ ሦስት እሑድ ለቀረ በሩ ይንኳኳ። የሚደውለው «ለምን ቀረህ?» ሳይሆን «እንዴት ነህ?» ይበል።

2ኛ/ ስለ ወንድማችን መጠጥ የሰማን እንደ ሆነ በጓዳ አንንገር። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 እንደ ታዘዝነው ለብቻው ሄደን ከእርሱ ጋር እንነጋገር።

3ኛ/ ለብቻችን፣ ከሰው ተሰውረን መጠጣት የጀመርን ካለን ቶሎ ለንስሐ አባታችን እንንገር። የአገሩ የጤና ባለሥልጣኖች በሳምንት ከ14 መለኪያ፣ ማለትም ከስድስት ብርጭቆ መካከለኛ ቢራ በላይ አዘውትሮ መጠጣት ጉዳት እንዳለው ይመክራሉ፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በላይ የመንፈስ መለኪያ አለን። ነገር ግን ይህን አስተውሉ፤ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የቆየ ሰው በድንገት ለብቻው ቢያቆም ለሞት የሚያሰጋ መንዘፍዘፍ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ «ጠበል ብቻ ይበቃዋል» ብላችሁ ከሐኪም አታስቀሩት። ጠበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ናቸው። ሳምራዊው በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ያፈሰሰው ቁስል በጸሎት ብቻ ይታጠባል ብሎ ስላላሰበ ነው።

4ኛ/ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ ታናናሾቻችን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ክርስቲያን መሆናችሁን ተናገሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ያልተናገሩት በሦስተኛው ሳምንት ይከብዳል፤ ይህን ከራሴ ነው የምነግራችሁ። ውኃ ይዞ ከሰዎች ጋር ተቀምጦ መሣቅ ይቻላል፤ የሚወድዳችሁ ሰው ብርጭቆአችሁን አይመረምርም።

ጋሼ ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። አይጠጣም። ዓርብ ዓርብ ግን ወደዚያው ፐብ ጎራ ብሎ ሻይ ይዞ ዳርት ይጫወታል። አንዳንዶቻችን ስለዚህ ማጉረምረም እንደ ጀመርን ሰምቻለሁ። እኔ ግን አንድ ቀን ተከትዬው ሄድሁና ሴትዮዋን ተዋወቅኋቸው። «ወንድሜን ስላተረፉልኝ አመሰግናለሁ» አልኋቸው። «ለእኔ እኮ የቡድኔ ልጅ ነው» አሉኝ። የቡድናቸው ልጅ! እኛስ የእናት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው የምንለው፤ ከዚህ የሚበልጥ ዝምድና ወዴት አለ?

ጌታችን ምሳሌውን ከፈጸመ በኋላ ለጠያቂው የሰጠው መልስ ሄዶ እንደዚያው እንዲያደርግ ማዘዝ ነበር። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከእኛ መካከል ከጠፉት የአንዱን ስም አስቡ። የማይታወስ የለም፤ እያንዳንዳችን አንድ ስም በልባችን አለ። ዛሬ ማታ ሳትተኙ ደውሉለት። እኔም ይህን ጽፌ እንደ ጨረስሁ የምደውልላቸው ሦስት ስሞች ከመዝገቡ ላይ ቀድቻለሁ።

የማደሪያውን አደራ እንድንጠብቅ፣ ባለአደራው ጌታ ዳግመኛ ሲመጣም እንዳናፍር፣ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት አንዱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ